ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማን አብሯችሁ አለ?

ብዙ ክብደት ቀንሰው የተረፈ ቆዳቸውን በቀዶ ሕክምና ለማስወገድ ለሚያስቡ ሰዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል።

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። ነርስ ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት የሠራሁት ከቁስል ጋር ነው። ሐኪሙ ሰፍቶ ጓንቱን ሲያወልቅ የእኔ ሥራ ይጀምራል። ፋሻ እፈታለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ መልሼ አሽጋለሁ። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል። እኔ ግን ታካሚውን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አየዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ በእነዚያ ሳምንታት ያየሁትን ነው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ 30፣ 40፣ ከዚያም በላይ ኪሎ ቀንሳችኋል። አንዳንዶቻችሁ በጨጓራ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዶቻችሁ በመርፌ መድኃኒት፣ ሌሎቻችሁ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ። የቀራችሁ ቆዳው ነው። የሚንጠለጠለው ሆድ፣ ክንድ ሲነሳ የሚወዛወዘው፣ እየተፋተገ የሚላላጠው ጭን። ይህን ማስወገድ መፈለግ ቅንጦት አይደለም። እጥፋቱ ሥር ላብ ይጠራቀማል። ይቀላል፣ ይላጣል፣ ይሸታል፣ ፈንገስ ይይዘዋል። መሮጥ ያማል። ልብስ መግዛት ያስለቅሳል። «ተመስገን ብለሽ ተቀመጪ፣ ክብደቱ ወርዶልሽ የለም እንዴ?» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ያ ሰው እጥፋቱን አላየውም።

ክሬም ይመልሰዋል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አይመልሰውም። ቆዳ ውስጥ ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉ ክሮች አሉ። ለዓመታት ተወጥረው ሲቆዩ ይበጣጠሳሉ። አርጅቶ የላላ የሱሪ ላስቲክ አስቡ። ስፖርት ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ላስቲኩን ግን አይጠግንም። ስለዚህ ትርፉ ቆዳ በእርግጥ ብዙ ከሆነ፣ የሚያስወግደው ቢላዋ ነው። እዚህ ላይ ላታልላችሁ አልፈልግም።

ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ያምራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «ስንት ኪሎ ይወጣል?» ይላል። «ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማን አብሮኝ ይሆናል?» የሚል ሰው ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምጠይቃችሁ እሱን ነው።

የአንዲት እናት ነገር ልንገራችሁ። ሆዷ ላይ ሁለት ዓይነት ስፌት ነበራት። አንዱ ከዳሌ እስከ ዳሌ አግድም የሄደ፣ ሌላው ከደረቷ በታች ጀምሮ ቁልቁል የወረደ። ሁለቱ የሚገናኙት ታች፣ መሐል ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት እጅግ ጥሩ ነበሩ። ስፌቱ ደረቅ፣ ንጹሕ። መስተዋት ፊት ቆማ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ የደስታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ መገናኛው ነጥብ ጠቆረ። የምስር ፍሬ ታክላለች። ከሦስት ቀን በኋላ ስፌቱ እዚያ ጋ ተከፈተ። በሳምንቱ የአውራ ጣቴ ጫፍ ይገባበት ነበር። «ሲስተር፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ምንም አላጠፋችም። ያች ነጥብ የሦስት የቆዳ ጠርዞች መገናኛ ናት። ደም ወደ እሷ የሚደርሰው ከሩቅ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ሥሮች ደግሞ ቆዳው ሲላቀቅ ተቆርጠዋል። ቆዳው ተወጥሮ ተሰፍቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ደም የሚያጥራት እሷ ናት። የሚከፈተው ሁሌም ለማለት ይቻላል እዚያ ነው። የእሷ ቁስል ሙሉ በሙሉ የተዘጋው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። በየቀኑ ፋሻ መቀየር ነበረበት። የምትቀይርላት እህቷ ነበረች። እህቷ ባትኖር ኖሮ እንዴት እንደምትሆን አላውቅም።

ለምን ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ? ደም ምርመራዋን ስናየው ብረቷ ዝቅ ያለ ነበር። ፕሮቲንም በቂ አትወስድም ነበር። ሦስት ጉርሻ በልታ ትጠግባለች፤ ክብደት ለመቀነስ በተሠራችው ቀዶ ሕክምና ጨጓራዋ ትንሽ ሆኗላ። ይህን በደንብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ክብደት የቀነሰ ሰው ላይ ላዩን ጤነኛ ይመስላል። ልብሱ ሰፍቶታል፣ ስኳሩ ወርዷል፣ ሰው ሁሉ «አምሮብሃል» ይለዋል። ውስጡ ግን የተራበ ሊሆን ይችላል። ቁስል ደግሞ የሚዘጋው በፕሮቲን፣ በብረት፣ በዚንክ፣ በቫይታሚን ሲ እና ኤ ነው። ክብደት ለመቀነስ በሚሠራው ባይፓስ በሚባል ቀዶ ሕክምና አንጀታቸው የተቀየሰባቸው ሰዎች ብረት፣ ቢ12፣ ፎሌትና ቫይታሚን ዲ እንደልብ አይገባላቸውም። የታዘዘላቸውን ቫይታሚን ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ላይ ችላ ይሉታል። ደህና ናቸዋ! ከዚያ ቀዶ ሕክምና ይመጣል፤ ሰውነት አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ስፌት ዝጋ ይባላል። በምኑ ይዝጋው?

ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ ወራት በፊት ደማችሁን አስመርምሩ። ሂሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፤ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲንም ይታይ። ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በቀን ከ60 እስከ 100 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ። ለትንሽ ጨጓራ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። በአንድ ሳምንት አይደረስበትም፤ ልማድ ይፈልጋል። ለዚህም ነው አስቀድማችሁ ጀምሩ የምለው።

ክብደቱም መርጋት አለበት። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲቆይ፣ ክብደቱም ለጥቂት ወራት፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ሳይወጣ ሳይወርድ እንዲቆም ይፈለጋል። ገና እየቀነሳችሁ ከተሠራችሁ፣ የተወጠረው ቆዳ መልሶ ይላላል። መውለድ የምታስቡ እህቶችም፣ ሆዳችሁን ከወለዳችሁ በኋላ ብታሠሩት ይሻላል።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል። ግን ብዙ ክብደት ቀንሰው ቆዳ ካስወገዱ ሰዎች መካከል ከ3ቱ 1 ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሆነ ችግር ይገጥመዋል። አብዛኛው ሕይወት የሚያሰጋ አይደለም። ሐኪሞች «ቀላል» ይሉታል። እኔ ግን ዘጠኝ ሳምንት ፋሻ ሲቀየር ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያንን ቀላል ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ከሁሉም በላይ የማየው የውሃ መቋጠርን ነው። ሴሮማ ይባላል። ቆዳው ከሥሩ ሲላቀቅ ከታች ባዶ ቦታ ይፈጠራል። የተቆረጡ የሊምፍ ቧንቧዎች፣ ማለትም ከገላ ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚሰበስቡ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ወደዚያ ባዶ ቦታ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ለዚህ ነው ድሬን፣ ማለትም ጫፉ ላይ የምትጨመቅ ኳስ ያለችው ቀጭን ቱቦ፣ የሚገባላችሁ። ፈሳሹ መጀመሪያ ደም ይመስላል። ከዚያ ሮዝ ይሆናል። ከዚያ እንደ ገለባ ቢጫ። በየቀኑ በመስፈሪያ እየለካችሁ ትጽፋላችሁ። ብዙ ሐኪሞች ቱቦውን የሚያወጡት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ሰው ቱቦው ስለሚያስጠላው ለማስወጣት ይጣደፋል። አንድ ወንድም ቁጥሩን ቀንሶ ጽፎ አመጣልኝ። ከሳምንት በኋላ ሆዱ ላይ እጄን ሳሳርፍ ውሃ እንደሞላ ፌስታል ይንቦጫቦጭ ነበር። በሲሪንጅ አራት ጊዜ መቅዳት ነበረብን። አልተቆጣሁትም። ያ ቱቦ ምን ያህል እንደሚያሰለች አውቃለሁ። እባካችሁ ግን ቁጥሩን በእውነት ጻፉ። ደግሞ በቤታችሁ በመርፌ ለመብሳት እንዳትሞክሩ። ንጹሕ የነበረ ውሃ በአንድ መርፌ ወደ መግል ይቀየራል።

መድማትም አለ። ሰው ሲወፍር ያንን ሁሉ ስብ የሚመግቡ የደም ሥሮች አብረው ይሰፋሉ። ስቡ ሲሄድ ሥሮቹ ሙሉ በሙሉ አይጠብቡም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ የሚቆርጠው ትልልቅ ሥሮችን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይም በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ አንዱ ጎን በድንገት ካበጠ፣ ከጠጠረና ካመመ፣ ከሥር ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ይህ እስኪነጋ አይጠበቅም። ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት ሊያስፈልግ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማይመጣው፣ ሲመጣ ግን የሚገድለው፣ የደም መርጋት ነው። ረጅም ሰዓት ተኝታችኋል፣ ሆዳችሁ ተወጥሯል፣ ለመራመድ ያማችኋል። ደም ባት ውስጥ ይረጋል። ከዚያ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እኔን ለማማከር ብላችሁ እንኳ ጊዜ አታጥፉ። ለመከላከል በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ጀምሮ ደግፈን እናስነሳችኋለን። ጎንበስ ብላችሁም ቢሆን ትራመዳላችሁ። ሐኪሙ ኢኖክሳፓሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ መርፌ ካዘዘ አትዝለሉት። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የምትወስዱ፣ ወይም ቤተሰባችሁ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ካለ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ስለ ሲጋራ አልለሳለስም። ኒኮቲን ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠብባል። ቅድም የነገርኳችሁ ያች የመገናኛ ነጥብ ድሮም በጭላንጭል ደም ነው የምትኖረው፤ ሲጋራ እሷንም ይዘጋባታል። ቆዳው ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ ተቆርጦ ይወጣል። ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ማቆም፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት አለመንካት ያስፈልጋል። ሺሻም ያው ነው። በኤሌክትሪክ የሚጨሰውም ኒኮቲን ካለው ያው ነው። ሐኪሙ ሲጋራ እንዳላቆማችሁ አውቆ ቀጠሮ ቢሰርዝባችሁ ተቀይማችሁት አትሂዱ። የሚወዳችሁ ሰው ነው።

የመደንዘዝ ነገርም አለ። ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ ለወራት ይደነዝዛል፤ ከፊሉ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ የሞቀ ጨርቅ ወይም የሙቅ ውሃ ላስቲክ እዚያ ላይ አታድርጉ። ሳይሰማችሁ ትቃጠላላችሁ። የክንድ ሥራ ላይ ደግሞ ለታችኛው ክንድ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ በዚያው በቢላዋው መንገድ ያልፋል፤ ሊጎዳ ይችላል። የጭኑ ከሁሉም ያስቸግራል። ብሽሽት እርጥብ ነው፣ ይፋተጋል፣ ለባክቴሪያ ይመቻል። የሊምፍ ቧንቧዎች እዚያ ስለሚበዙ እግር ሊያብጥ ይችላል። ጠባሳውም በስበት እየተጎተተ ከተደበቀበት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

«ሁሉንም በአንድ ቀን ይሠራልኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንዴ ተኝቶ፣ አንዴ ታሞ፣ አንዴ መገላገል። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ሰመመን ውስጥ የምትቆዩበት ሰዓት በረዘመ ቁጥር፣ በተለይ ከ6 ሰዓት ካለፈ፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ደም መፍሰሱም መርጋቱም ይጨምራል። ደግሞም አስቡት። ሁለቱም ክንድ ተሰፍቶ፣ ሆድ ተሰፍቶ፣ ጭን ተሰፍቶ፣ ከአልጋ በምን ተደግፋችሁ ትነሳላችሁ? ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ሥራውን ከፋፍለው፣ በመሐል ቢያንስ 3 ወር ያህል እረፍት የሚሰጡት።

አንድ የሚያምታታ ነገር ላጥራ። የተንጠለጠለውን ቆዳና ስብ ብቻ ቆርጦ ማውጣት አንድ ነገር ነው። ጡንቻውን ሰብስቦ መስፋት፣ እምብርትን ቦታውን ማስያዝ፣ ቅርጽ ማውጣት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የጤና ችግር ለማስወገድ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ከዚያ አልፎ ይሄዳል። የትኛው እንደሚሠራላችሁ ሳታውቁ ወረቀት አትፈርሙ። አንዱን ጠብቆ ሌላውን አግኝቶ ያዘነ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሥራው ራሱ ግን ምንም ስህተት አልነበረበትም።

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካ፣ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሃዋርድ ኬሊ የተባለ የማህፀን ሐኪም ከአንዲት ሴት ሆድ ከ7 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቆዳና ስብ ማውጣቱን ጽፏል። አንቲባዮቲክ ገና አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማደንዘዣው ተሻሽሏል፣ ክሩ ተሻሽሏል፣ ደም ማቆሚያው ተሻሽሏል። ቁስሉን የሚዘጋው ግን ያኔም ዛሬም የታካሚው ገላ ነው።

ዋጋው ቀነሰ ብላችሁ ሩቅ አገር ሄዳችሁ ለመሠራት የምታስቡም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አትሂዱ ብዬ አልፈርድም። ግን ይህን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው ሆዳቸውን ያሠሩ አሜሪካውያን ሴቶች ማይኮባክቴሪየም አብሰሰስ በሚባል ጀርም ተይዘው ተመልሰዋል። ይህ ጀርም በተለመደው አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይለቅም። ቁስሉ ከተዘጋ ከሳምንታት በኋላ እባጭ እያወጣ ይመጣል፤ ሕክምናው ለወራት ይዘልቃል። የሠራው ሐኪም በዚያን ጊዜ ባሕር ማዶ ነው። ስፌቱ ሳይጠና ለረጅም ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ ደግሞ ለደም መርጋት በር ይከፍታል።

ስለ መድኃኒቶች በአጭሩ። ሴማግሉታይድን የመሰሉ የክብደት መርፌዎች ምግብ ጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋሉ። በሰመመን ጊዜ ያ ምግብ ወጥቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ማደንዘዣ የሚሰጣችሁ ባለሙያ ይህን መውሰዳችሁን ማወቅ አለበት፤ መቼ እንደሚቆም የሚነግራችሁ እሱ ነው። ባይፓስ የተሠራችሁ ደግሞ ለሕመም ብላችሁ አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን አትዋጡ፤ ጨጓራው በተሰፋበት ቦታ ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ድሮ ሆዳችሁ በረጅሙ ተከፍቶ ከነበረ ኸርኒያ፣ ማለትም የሆድ ግድግዳ ክፍተት፣ አለመኖሩ አስቀድሞ በምርመራ ይታይ። ከቆዳው ሥር አንጀት ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ለሁለት፣ ቀጥ ብላችሁ አትቆሙም። ትራስ ከጀርባም ከጉልበት ሥርም አድርጋችሁ፣ እንደ ተጣጠፈ ወንበር ሆናችሁ ነው የምትተኙት። ልጅ ማንሳት የለም። ባልዲ ማንሳት የለም። መጸዳጃ ቤት ሄዶ መነሳት ራሱ ሰው ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤተሰብ ሁሉ ይመጣል። ሁለተኛውን ሳምንት ይደውላል። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሷል። ቁስል የሚከፈተው፣ ውሃ የሚቋጠረው፣ ሆድ የሚብሰውም በዚያን ሰሞን ነው። ገላ ገና ያበጠ ነው፤ ያሰባችሁትን መልክ መስተዋት ውስጥ አታገኙትም። «ምነው በቀረብኝ» ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች እጄን ይዘውኛል። አብዛኞቹ ከወራት በኋላ በመሠራታቸው ተደስተዋል። በዚያ ሳምንት ግን ብቻቸውን መሆን አልነበረባቸውም።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አንድ ሰው አብራችሁ ያዙ። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፉ። ለሦስተኛው ሳምንት ቃል ያስገቡት። ቀይ ነገር ሲያይ የማይደነግጥ፣ ፋሻ መቀየር ከእኔ የሚማር ሰው ይሁን። ሐኪሙንም «ሌሊት ቢከፈትብኝ ለማን ልደውል? ተመልሼ ብሠራ ክፍያው በማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

በመጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድም እጁን አውጥቶ «ጠባሳው ይጠፋል?» ሲል ጠየቀኝ። አይጠፋም አልኩት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ያሳክካል፤ በጣም የሚያስፈራው ያኔ ነው። ከዚያ እየሳሳ፣ እየለሰለሰ ይሄዳል። የመጨረሻ መልኩን የሚይዘው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ የማውጣት ዕድላችን ከፍ ያለ ነው። ጆሮህን ስትበሳ ወይም ስትቆረጥ አብጦ የቀረብህ ቦታ ካለ ለሐኪሙ አሳየው አልኩት። የክንዱን እጅጌ ሰብስቦ እዚያው አንድ አሳየኝ። የድሮ ክትባት ጠባሳ ነው፤ እንደ ባቄላ ጎላ ብሏል። ለማንም አሳይቶት አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮው ይዞት ሊገባ ተስማማን።